የመናፈሻ መጸዳጃ ቤትን በቀርከሃ ማደስ

በሕዝብ መናፈሻዎቻችን ውስጥ ቀድሞ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ መጸዳጃ ቤቱ ነው። በሩ ይገነጠላል፣ ግድግዳው ይፈርሳል፣ በመጨረሻም ይቆለፋል። ጎብኚው ግን መምጣቱን ስለማያቆም ወደ ዛፉ ስር መጠጋት ይጀምራል። በዚህ ይበልጥ የሚቸገሩት ደግሞ ሴቶች ናቸው።

በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ችግሩ ከሽታም ያልፋል። ከጉና ተራራ የሚነሱት ርብና ጉማራ ወንዞች የሚፈሱት ወደ ጣና ሐይቅ ነው። ከላይ በየጫካው የተጣለ ዓይነ ምድር በክረምት ጎርፍ ታጥቦ ከታች ያለው ገበሬ ከሚቀዳው ውኃ ይቀላቀላል። በመሆኑም እንደ አለምሳጋ ባሉ የአካባቢው ደኖች ንጹሕ መጸዳጃ ቤት የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

ታዲያ በምን ይታደስ? በአካባቢው ለቤት ሥራ የተለመደው ባሕር ዛፍ ነው። ይሁን እንጂ የደጋ ቀርከሃም ለዚህ አየር ጠባይ የተፈጠረ ተክል ነው። በሦስትና በአራት ዓመት ለሥራ ይደርሳል፤ ሲቆረጥም ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። ሙያውም ከክልሉ ሳይወጣ ይገኛል። በአዊ ዞን፣ በእንጅባራ አካባቢ ወንበሩና አልጋው በቀርከሃ እየተሠራ ይሸጣል።

ቀርከሃ ግን ጠላቱ ርጥበትና ምስጥ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ለዚህ ከጋሞ ደጋ የዶርዜ ቤት የተሻለ ምስክር የለም። በቀርከሃ የተጠለፈው ይህ ረጅም ቤት መሬት የሚነካው ግርጌው እየተበላ ሲሄድ ይቆረጣል። በዚህም ቤቱ ከዓመት ዓመት እያጠረ ይሄዳል። መጸዳጃ ቤት ደግሞ በየቀኑ ውኃ የሚደፋበት ስለሆነ ግርጌው ከሌላው ቤት የበለጠ ይጎዳል።

ስለዚህ እድሳቱ ከታች ይጀምራል። ጉድጓዱ ከምንጭና ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቁ ይረጋገጣል። ወለሉ ሊሾ ሆኖ በቀላሉ የሚታጠብ ይሁን። የግድግዳው ግርጌ እስከ ጉልበት ድረስ በድንጋይና በሲሚንቶ ይገነባል። ቀርከሃው የሚቆመው ከዚያ በላይ፣ ወጋግራና ማገር ሆኖ ነው። የቆርቆሮው ጣሪያ ክፈፍም ዝናቡ ግድግዳውን እንዳይመታ ሰፋ ብሎ ይወጣል።

ቀርከሃው የሚቆረጠው በበጋ፣ ሦስት ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። ለጋው ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ በውስጡ ያለው ስታርችም ነቀዝ ይጠራል። ይህን ለመከላከል አንጓዎቹ ከውስጥ ተበስተው ቦራክስና ቦሪክ አሲድ በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ ለቀናት ይዘፈዘፋል። መድኃኒቱን ዝናብ አጥቦ ስለሚወስደው ክፈፉ ሰፊ እንዲሆን የሚመከረው ለዚህም ጭምር ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በግድግዳው ጥልፍ ላይ ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ ሳሳ ያለ ጥልፍ ለሻይ ቤት ያምራል፤ ለጉድጓድ መጸዳጃ ቤት ግን አይሆንም። ዝንብ ወደ ብርሃን ይሄዳል። ክፍሉ ጨለም ካለ ከጉድጓዱ የሚወጣው ዝንብ ብርሃን ወደሚታይበት የአየር ማውጫ ቱቦ ይወጣና ጫፉ ላይ በተወጠረው ወንፊት ተይዞ ይቀራል። ክፍሉ ብሩህ ከሆነ ግን ዝንቡ ወደ ሰው ይመጣል። ቱቦው ከጣሪያው ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ሲል ነፋሱ ሽታውን ይስበዋል። ስለዚህ ጥልፉ ጥቅጥቅ ያለ ይሁን፤ ለአየር መግቢያ ከበሩ በላይ ክፍተት መተው ይበቃል። ገመናም በዚሁ ይጠበቃል።

ከሁሉ በላይ ግን የሚያጸዳና ውኃ የሚሞላ ሰው መመደብ አለበት። የቀርከሃ ትልቁ ጥቅም የተሰበረውን አንድ ማገር የአካባቢው ባለሙያ በአንድ ቀን መተካት መቻሉ ነው። የሚከታተለው ከሌለ ግን ይህም ቤት ነገ መቆለፉ አይቀርም።