እብነ በረድ ለሕንፃ ብቻ ሳይሆን ለማሳም ይጠቅማል

እብነ በረድ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የትልልቅ ሕንፃዎችን ወለልና ደረጃ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ድንጋይ ከምን እንደተሠራ የተረዳ ገበሬ፣ ከጌጥነቱ ሌላ ለእርሻው የሚሰጠውን ጥቅም ለመገንዘብ አይቸገርም።

የእብነ በረድ መነሻው የኖራ ድንጋይ ነው። የኖራ ድንጋይ የሚፈጠረው በባሕር ወለል ላይ በሚከማች ዝቃጭ ነው። ለምሳሌ በአባይ ሸለቆ ገደል ላይ የሚታየው የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አካባቢውን ሸፍኖት በነበረ ባሕር ውስጥ የተከማቸ ሲሆን፣ በውስጡ የባሕር እንስሳት ዛጎል ይገኝበታል።

የኖራ ድንጋይ በምድር ቅርፊት እንቅስቃሴ ወደ ጥልቁ ሲገባ፣ በመቶዎች ዲግሪ የሚቆጠር ሙቀትና ከፍተኛ ግፊት ያገኘዋል። በዚህ ጊዜ ሳይቀልጥ፣ ጥቃቅን ቅንጣቶቹ እንደገና እየተሠሩ ያድጋሉ፤ እርስ በርሳቸውም ተቆላልፈው ይያያዛሉ። እብነ በረድ የሚባለው ይኸው ነው። ሲፈለጥ እንደ ስኳር የሚያብለጨልጨውና ሲለሰልስ የሚያንጸባርቀው በዚሁ ምክንያት ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በዳለቲ፣ እንዲሁም በትግራይ የሚገኘው እብነ በረድ ዕድሜው ከ540 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። በዚያ ዘመን ዛጎል ያላቸው እንስሳት ገና ስላልተስፋፉ፣ መነሻው ከባሕር ውሃ የዘቀጠ ኖራ ነበር።

የእብነ በረድ ዋናው ማዕድን ካልሳይት ሲሆን፣ ይኸውም ካልስየም ካርቦኔት ነው። ማግኒዥየም የተቀላቀለበት ዓይነት ደግሞ ዶሎማይት ይባላል። ንጹሕ ካልሳይት ነጭ ነው። ብረት ሲገባበት ቀይ ወይም ቢጫ፣ ግራፋይት ሲኖርበት ግራጫ ወይም ጥቁር፣ ሰርፐንቲን ሲኖርበት አረንጓዴ ይሆናል።

ይሁንና የሚያብለጨልጭ ነጭ ድንጋይ ሁሉ እብነ በረድ አይደለም። በጥፍር የሚጫር ከሆነ ጀሶ ሊሆን ይችላል። ቢላዋ የማይጭረው ከሆነ ደግሞ ኳርትዝ የተባለው ጠንካራ ድንጋይ ሊሆን ስለሚችል ለኖራ አይሆንም። እብነ በረድን ጥፍር አይጭረውም፤ ቢላዋ ግን ይጭረዋል። ተፈጭቶ ጠንከር ያለ ኮምጣጤ ሲፈስበትም አረፋ ያወጣል። ዶሎማይት ከሆነ አረፋው በጣም ደካማ ነው።

አሁን ወደ ማሳው እንመለስ። በጎጃም፣ በወለጋና በሌሎች ዝናብ በሚበዛባቸው ደጋማ አካባቢዎች ዝናቡ የአፈሩን ካልስየምና ማግኒዥየም አጥቦ ስለሚወስድ አፈሩ ኮምጣጣ ይሆናል። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የሰብሉን ሥር ይጎዳል። ፎስፈረስም በአፈሩ ውስጥ ስለሚታሰር ገበሬው ማዳበሪያ ገዝቶ ቢጨምርም የልፋቱን ያህል አያገኝም። በተለይ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ክፉኛ ይጎዳሉ።

ለዚህ መድኃኒቱ ኖራ ነው። እብነ በረድ ሲጠረብና ሲቆረጥ የሚተርፈው ፍርፋሪም ከዚያው ማዕድን የተሠራ በመሆኑ፣ ንጹሕ ከሆነና ከተፈጨ ለዚሁ ተግባር ይውላል። ዶሎማይት ከሆነ ደግሞ ማግኒዥየም ይጨምራል። ዋናው ቁም ነገር አፈጫጨቱ ነው። የተቆላለፉት ቅንጣቶች በቀላሉ ስለማይሟሙ ጠጠሩ ማሳ ላይ ቢበተን ለዓመታት ጠጠር ሆኖ ይቀራል። ዱቄት የሆነው ግን ሥራውን ቶሎ ይጀምራል።

ድንጋዩን 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አቃጥሎ ኖራ ማውጣትም ይቻላል። 100 ኪሎ ንጹሕ ካልሳይት ሲቃጠል 44 ኪሎው ጋዝ ሆኖ ይሄድና 56 ኪሎ ያልበረደ ኖራ ይቀራል። ይህ ኖራ ውሃ ሲነካው በኃይል ስለሚግል ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። ለማሳ ግን ያልተቃጠለው ዱቄት ይበቃል፤ ለአያያዝም የማያሰጋ ነው።

ገበሬው ኖራ ከመበተኑ በፊት አፈሩን ማስመርመር ይኖርበታል። የሚያስፈልገው መጠን በሄክታር በቶን የሚቆጠር ሲሆን እንደ አፈሩ ይለያያል። ከመጠን በላይ ከሆነ ዚንክና ብረትን ከሰብሉ ያርቃል። ኮምጣጣ ላልሆነ መሬት ደግሞ ጨርሶ አያስፈልግም። ዱቄቱ ከዘር ወቅት አንድ ወይም ሁለት ወር ቀደም ብሎ በእኩል ተበትኖ በእርሻ ከአፈሩ ጋር በሚገባ ሊደባለቅ ይገባል። በትክክል ከተሠራበት ጥቅሙ ለበርካታ ዓመታት ይዘልቃል። ሆኖም ኖራ ምግብ ሳይሆን የአፈር ማረሚያ በመሆኑ፣ ፍግም ሆነ ማዳበሪያ መጨመሩ ሊቋረጥ አይገባውም።