ኪሺ፦ ከመዘጋት የተረፈ የገጠር ባቡር ጣቢያ

ከጃፓን ታላቅ ከተማ ከኦሳካ በስተደቡብ በሚገኘው በዋካያማ ክፍለ ሀገር፣ የኪሺጋዋ መስመር የሚባል 14.3 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ነጠላ ሐዲድ ከዋካያማ ከተማ ተነሥቶ 14ኛውና የመጨረሻው ጣቢያ በሆነው በኪሺ ያበቃል። መስመሩ እ.ኤ.አ. በ1916 ሥራ ሲጀምር ዋና ዓላማው የጃፓን ነባር ሃይማኖት የሆነው የሺንቶ ምእመናን በአካባቢው ወደሚገኙት ሦስት ጥንታዊ መቅደሶች እንዲደርሱ መርዳት ነበር፤ እስከ ኪሺ የተዘረጋው ደግሞ በ1933 ነው። ኪሺ በዓለም ዙሪያ የታወቀው የጣቢያ ሹም ሆና በተሾመች ድመት ነው፤ ይሁንና ጣቢያውን ከመዘጋት ያዳነው ሥራ ከድመቷ ሹመት በፊት የተጀመረ በመሆኑ፣ ታሪኩን በቅደም ተከተሉ ማየት ተገቢ ነው።

በጃፓን ገጠር ወጣቱ ወደ ትልልቅ ከተሞች ሲፈልስ፣ የቀረው ነዋሪ ደግሞ የራሱን መኪና መንዳት ሲለምድ፣ የትንንሽ መስመሮች ገቢ ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ሄደ። የኪሺጋዋ መስመር ባለቤት የነበረው ናንካይ የተባለው የግል የባቡር ኩባንያም ከዚህ መስመር በየዓመቱ 500 ሚሊዮን የን ያህል ይከስር ነበር። በ2000 የተሻሻለው ሕግ ቀድሞ የመንግሥት ፈቃድ ይጠይቅ የነበረውን መስመር የመዝጋት ጉዳይ ከአንድ ዓመት አስቀድሞ በማስታወቅ ብቻ የሚፈጸም ስላደረገው፣ ናንካይ በ2004 መስከረም ወር ከመስመሩ የሚወጣ መሆኑን በይፋ አሳወቀ።

ነዋሪዎቹ ውሳኔውን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀበሉትም። በዚያው ዓመት ያቋቋሙት ማኅበር በዓመት 1,000 የን መዋጮ የሚከፍሉ ከ6,000 በላይ አባላትን አሰባሰበ፤ መፈክሩም ባቡሩን ለማትረፍ በባቡሩ መሳፈር እንደሚያስፈልግ የሚያሳስብ ነበር። ይህ ትልቅ ማስተዋል ነው፤ አቤቱታ ለባለሥልጣን የሚቀርብ ሲሆን፣ ትኬት መቁረጥ ግን ግዴታውን በራሱ በጠያቂው ላይ ይጥላል። የአካባቢው አስተዳደሮችም ጥያቄውን ተቀብለው፣ ክፍለ ሀገሩ ሐዲዱ ያረፈበት መሬት የሚገዛበትን ገንዘብ ሊሰጥ፣ ሁለቱ ከተሞች፣ ማለትም ዋካያማና ኪኖካዋ፣ እስከ 820 ሚሊዮን የን የሚደርስ ኪሳራን ለ10 ዓመታት ሊሸፍኑ ተስማሙ። ከዚህ በኋላ በግልጽ በወጣ ጥሪ የተመረጠው የኦካያማ ከተማ የትራም ኩባንያ፣ ዋካያማ የኤሌክትሪክ ባቡር የተባለ አዲስ ድርጅት አቋቁሞ በሚያዝያ 1 ቀን 2006 ሥራውን ተረከበ።

አዲሱ ድርጅት ወጪ ለመቀነስ ሲል ኪሺን ጨምሮ አብዛኞቹን ጣቢያዎች ያለ ሠራተኛ አስቀረ። በኪሺ ጣቢያ አጠገብ የነበረ የአንድ ትንሽ ሱቅ ባለቤት የሚያሳድጓቸው ድመቶች መኖሪያቸው ሊፈርስባቸው በመሆኑ፣ ባለቤቲቱ እንስሳቱ በጣቢያው ውስጥ እንዲጠለሉ የድርጅቱን ፕሬዚዳንት ሚትሱኖቡ ኮጂማን ለመኗቸው። ኮጂማም ከድመቶቹ መካከል ታማ የተባለችውን፣ በ1999 የተወለደች ነጭ፣ ጥቁርና ቡናማ ቀለም ያላት ድመት አይተው፣ በጥር 5 ቀን 2007 የኪሺ ጣቢያ ሹም አድርገው ሾሟት። በልኳ የተሠራ የማዕረግ ቆብ ተደረገላት፤ ደመወዟ የድመት ምግብ፣ ሥራዋም እንግዳ መቀበል ሆነ። ሠራተኛ በሌለበት ጣቢያ መንገደኛውን የሚቀበል አንድ ሕያው ፍጡር መገኘቱ ለነዋሪው ምን ያህል ትርጉም እንደነበረው በሰፊው ከተወራላት ዝና ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ወሬው ተሰምቶ ጎብኚ ከጃፓን አልፎ ከባሕር ማዶ ይጎርፍ ጀመር። አንድ የምጣኔ ሀብት ጥናት በ2007 ብቻ ድመቷ ለአካባቢው 1.1 ቢሊዮን የን ያህል ጥቅም እንዳስገኘች ገመተ። የድርጅቱ ባቡሮች አካባቢው በሚታወቅበት እንጆሪ፣ በአሻንጉሊትና በታማ ሥዕል አጊጠው ተሠሩ፤ ንድፋቸውን ያወጡት ኤጂ ሚቶካ በ2010 የተጠናቀቀውን አዲሱን የኪሺ ጣቢያም ነድፈው፣ ለጥንት መቅደሶች በሚውለው የዛፍ ልጥ ክዳን የድመት ፊት መልክ ያለው ጣሪያ አለበሱት። ታማ በሰኔ 2015 ስትሞት በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በቀብር ሥርዓቷ ላይ ተገኘ፤ በጣቢያው ትንሽ የሺንቶ መቅደስ ቆሞላት እንደ ጠባቂ መንፈስ ስትከበር፣ ሹመቷ ደግሞ ኒታማ ለተባለች ሌላ ድመት ተላለፈ።

ወደ ኋላ ተመልሰን ቁጥሩን ስናይ፣ በ2005 የበጀት ዓመት ከ1.9 ሚሊዮን ብዙም ያልዘለለው የመስመሩ ዓመታዊ የተሳፋሪ ቁጥር በቀጣዩ ዓመት ከ2.1 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። ታማ የተሾመችው ግን ያ የበጀት ዓመት ሊያበቃ ሦስት ወር ያህል ሲቀረው በመሆኑ፣ አብዛኛው ጭማሪ የነዋሪው ጥረት፣ የአዲሱ አስተዳደርና የአዳዲስ ጉዞዎች ውጤት ነው ማለት ይቻላል። በፉኩሺማ ክፍለ ሀገር የሚገኘው የአይዙ ባቡርን የመሰሉ ድርጅቶች በበኩላቸው ድመት መሾማቸው የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን መሬቱን የገዛ አስተዳደር፣ ኪሳራ ለመሸፈን የተፈራረሙ ከተሞችና መዋጮ የሚከፍል ነዋሪ ባይኖሩ ኖሮ፣ ታማ የምትሾምበት ጣቢያ ባልኖረ ነበር። የመጀመሪያው የ10 ዓመት ስምምነት በ2016 ሲያበቃም መስመሩ ያለ ሕዝብ ገንዘብ በትርፍ መቆም ስላልቻለ፣ አስተዳደሮቹ ድጋፋቸውን አድሰዋል።