ሒት ሬዲዮ፦ ዘፈኑን ማን ይመርጣል?

ዓለም «ዘ ዊክንድ» ብሎ የሚያውቀው የቶሮንቶው ድምፃዊ አቤል ተስፋዬ «ብላይንዲንግ ላይትስ»ን ያወጣው በኖቬምበር 2019 መጨረሻ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በቀጣዩ ዓመት ዘፈኑ በቢልቦርድ የአሜሪካ የሬዲዮ ዘፈኖች ሰንጠረዥ 26 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ከረመ። ከእሱ በፊት የነበረው ክብረ ወሰን 18 ሳምንት ነበር። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደ ልጅ እዚያ መድረሱ ያኮራል፤ እኔም ኮርቻለሁ። ዘፈኑም ድንቅ ነው። ይሁንና አንድ ዘፈን፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከሲያትል እስከ ማያሚ በየጣቢያው እየተደጋገመ ግማሽ ዓመት እንዲዘልቅ የአድማጭ ፍቅር ብቻውን አይበቃውም። ጣቢያዎቹ የማን እንደሆኑና ዘፈን እንዴት እንደሚመርጡ ማወቅ ያስፈልጋል።

«ቶፕ 40» የሚባለው የሬዲዮ አሠራር የተጀመረው በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኦማሃ፣ ነብራስካ ነው። ቶድ ስቶርዝ የሚባል የጣቢያ ባለቤት ሰዎች በየመዝናኛ ቤቱ ጁክቦክስ ውስጥ ሳንቲም እየጨመሩ ያንኑ ጥቂት ዘፈን ደጋግመው እንደሚመርጡ ተረዳና ጣቢያውን በዚያ መንገድ ቃኘው። ጥቂት ዘፈን፣ ብዙ ድግግሞሽ። መሠረቱ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ስለዚህ ድግግሞሹን የዛሬዎቹ ትልልቅ የሬዲዮ ኩባንያዎች ፈጠሩት ማለት አይቻልም። እነሱ የለወጡት፣ የትኛው ዘፈን ይደጋገም የሚለውን የሚወስነው ሰው የሚቀመጥበትን ቦታ ነው።

የአንድ ሰዓት ስርጭትን ጠጋ ብለን እንየው። ዘፈኖቹ በመደብ ተከፍለዋል። «ፓወር» የሚባሉት ከአምስት እስከ ሰባት የሚሆኑ የወቅቱ ታላላቅ ዘፈኖች ናቸው፤ በሁለት ሰዓት ወይም ትንሽ ዘግየት ብሎ ተራቸው ይመለሳል። በዚህ ስሌት አንድ ዘፈን በአንድ ጣቢያ ብቻ በሳምንት 80 ጊዜ ያህል ሊሰማ ይችላል። ከሥራቸው ገና እየወጡ ያሉት አዳዲሶቹ አሉ፤ ቀጥለው ከላይኛው መደብ በቅርቡ የወረዱት፣ ከዚያም አድማጭ ከድሮ የሚያውቃቸው ይመጣሉ። በሰዓቱ ስንተኛ ደቂቃ ላይ ከየትኛው መደብ እንደሚመጣ የፕሮግራም ዳይሬክተሩ አስቀድሞ ይወስናል። የተቀረውን እንደ «ሴሌክተር» ያለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይደለድላል፦ የአንድ ድምፃዊ ሁለት ዘፈን እንዳይከታተል፣ ትናንት በዚህ ሰዓት የተሰማው ዛሬ በዚሁ ሰዓት እንዳይደገም፣ ሁለት ቀዝቃዛ ዘፈኖች ጎን ለጎን እንዳይውሉ። ማይክሮፎኑ ላይ ያለው ዲጄ ዝርዝሩ ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀው። አድማጭ ደውሎ «በጠየቀው መሠረት» የሚጫወትለት ዘፈንም አብዛኛውን ጊዜ ድሮውንም ተራው የደረሰ ዘፈን ነው።

ከዝርዝሩ ጀርባ ጥናት አለ። ለተመረጡ አድማጮች የእያንዳንዱን ዘፈን አዝማች ለጥቂት ሰከንድ ያሰሟቸውና «ታውቀዋለህ? ትወደዋለህ? ሰልችቶሃል?» ብለው ይጠይቋቸዋል። ይህ ቀድሞ በስልክ ይሠራ ነበር፤ አሁን በኢንተርኔትም ይሠራል። ሰው ያላወቀውን ዘፈን ደግሞ «እወደዋለሁ» አይልም። ስለዚህ አዲስ ዘፈን በጥናቱ ነጥብ እስኪያገኝ ብዙ ሳምንት መደመጥ አለበት፤ አንዴ ነጥብ ያገኘው ደግሞ ሰለቸኝ የሚለው አድማጭ እስኪበዛ ድረስ ከቦታው አይነሳም። ከ2007 ጀምሮ በትልልቅ ከተሞች ሥራ ላይ የዋለው፣ አድማጩ ይዞት የሚዞረው መለኪያ መሣሪያ አድማጭ ጣቢያ የቀየረባትን ደቂቃ ማሳየት ሲጀምር ጥንቃቄው ባሰ። የዲጄ ወሬ አጠረ፤ ያልተለመደ ዘፈን ማስገባት አስፈሪ ሆነ። የአቤል ዘፈን 26 ሳምንት የቆየው እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ባለቤቶቹ። እስከ 1996 ድረስ አንድ ኩባንያ በመላው አሜሪካ ከ40 በላይ ጣቢያ እንዳይዝ ሕግ ይከለክል ነበር፦ 20 በኤኤም፣ 20 በኤፍኤም። ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን በፌብሩዋሪ 8፣ 1996 የፈረሙት የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ይህን ጣሪያ አነሳ፤ በአንድ ትልቅ ከተማም አንድ ኩባንያ እስከ ስምንት ጣቢያ እንዲይዝ ፈቀደ። ግዢው ወዲያው ተጧጧፈ። በ1972 በሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ በአንድ ጣቢያ የተጀመረው ክሊር ቻናል ሕጉ ሲወጣ 40 ገደማ ጣቢያ ነበረው፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ከ1,200 በላይ ሆነለት። የዛሬው «አይኸርት ሚዲያ» ይኸው ኩባንያ ነው፤ ስሙን የለወጠው በ2014 ነው። የኒውዮርኩ «ዚ100» እና የሎስ አንጀለሱ «ኪስ ኤፍኤም»፣ የአገሪቱ ዋና ዋና ሒት ጣቢያዎች፣ የእሱ ናቸው።

በመቶ የሚቆጠር ጣቢያ ያለው ኩባንያ በየከተማው አንድ ዘፈን መራጭ መቅጠር ብክነት ሆኖ ይታየዋል። አንድ የፕሮግራም ኃላፊ የብዙ ከተማ ጣቢያዎችን ዝርዝር ይይዛል። የትልልቅ ኮከቦች አዲስ ዘፈን በሚወጣበት ቀን አይኸርት በመላ አገሪቱ ያሉ ሒት ጣቢያዎቹ በየሰዓቱ እንዲያሰሙት ያደርጋል። «ኦን ዘ ቨርጅ» በተባለው አሠራሩ ደግሞ ገና ያልታወቀ ድምፃዊ ከማዕከል ተመርጦ ለሁሉም ጣቢያ ይታደል ነበር፤ በ2014 የኢጊ አዛሊያ «ፋንሲ» በዚህ መንገድ ተገፍቷል። ለተመረጠው ታላቅ ዕድል ነው። ነገር ግን አንድ የክሊቭላንድ ወይም የሜምፊስ ወጣት ዘፈኑን ይዞ በከተማው ጣቢያ ደጃፍ ቢቆም፣ «እስቲ ዛሬ ማታ እንሞክረው» ሊለው የሚችል ሰው ውስጥ ላይኖር ይችላል።

ድምፁም ከሩቅ ይመጣል። «ቮይስ ትራኪንግ» በሚባለው ዘዴ ዲጄው የሚያልቀውን ዘፈን የመጨረሻ ሰከንዶች በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል፣ ንግግሩን በሚቀጥለው ዘፈን መግቢያ ላይ ይቀርጻል፣ ወደሚቀጥለው ይዘላል። ዘፈኖቹን ሙሉ ስለማይጠብቅ የአራት ሰዓት ፕሮግራም ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ ቀጥሎም እግሩ ረግጦት ለማያውቅ ከተማ ሌላ ይቀርጻል። የኛን ኤፍኤሞች ለለመደ ሰው ይህ እንግዳ ነው። አዲስ አበባ ላይ ተባባሪ አዘጋጆች የአየር ሰዓት ገዝተው፣ ስፖንሰር ፈልገው፣ ፕሮግራማቸውን ራሳቸው ያቀርባሉ። የራሱ ጣጣ አለው፤ ሆኖም አቅራቢው አድማጩ ያለበት ከተማ ውስጥ ነው።

በጣቢያው ሰው አለመኖሩ ከሙዚቃ ባለፈ ያከራከረበት ጊዜም አለ። በጃንዋሪ 18፣ 2002 በማይኖት፣ ኖርዝ ዳኮታ መርዛማ አሞኒያ የጫነ ባቡር ከሐዲዱ ወጣና አንድ ሰው ሞተ። የከተማዋ ስድስት የንግድ ጣቢያዎች የክሊር ቻናል ነበሩ። ባለሥልጣናቱ ሕዝቡን ለማስጠንቀቅ ወደ አንዱ ጣቢያ ደውለው ሰው ማግኘት እንዳልቻሉ ተናገሩ፤ ኩባንያው በበኩሉ ጥፋቱ የማስጠንቀቂያ መሣሪያውን ባግባቡ ያልተጠቀሙት የከተማዋ ባለሥልጣናት ነው አለ። ጭቅጭቁ እስከ ምክር ቤት ደረሰ።

ለባለቤቶቹ የሚቆም ክርክርም አለ፤ ችላ ሊባል አይገባም። በአንድ ከተማ ስምንት ጣቢያ ያለው ኩባንያ እርስ በርሳቸው እንዳይሻሙ አንዱን ሒት፣ ሌላውን ካንትሪ፣ ሦስተኛውን ሂፕሆፕ ያደርጋቸዋል። ኢኮኖሚስቶቹ ስቲቨን ቤሪና ጆኤል ዋልድፎገል በ2001 ባሳተሙት ጥናት ውህደቱ በየከተማው የጣቢያ ዓይነቶችን እንዳበዛ አሳይተዋል። የሙዚቀኞች ተሟጋች የሆነው ፊውቸር ኦፍ ሚውዚክ ኮአሊሽን ግን በዓመቱ ዝርዝሮቹን ሲፈትሽ፣ በስም የተለያዩት ጣቢያዎች ብዙ ዘፈን እንደሚጋሩ አገኘ።

እኔ ግን ዋናውን ጉዳት ያደረሰው ዕዳ ነው እላለሁ። በ2008 ቤይን ካፒታልና ቶማስ ኤች ሊ ፓርትነርስ ክሊር ቻናልን የገዙት በአብዛኛው በብድር ነው፤ ብድሩም በኩባንያው ጫንቃ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ጣቢያዎቹ ከማስታወቂያ የሚያገኙት ገንዘብ ለወለድ ይሄድ ጀመር፤ የሚቀነሰው ወጪ ደግሞ የሰው ደመወዝ ነበር። ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ የተሸከመው አይኸርት በማርች 2018 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ሌሎቹ የጣቢያ ባለቤቶች፣ ኪውሙለስ ከእሱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ኦዳሲ በጃንዋሪ 2024 ተመሳሳይ መንገድ ሄዱ። አይኸርት በጃንዋሪ 2020 በየከተማው ያሉ ብዙ አቅራቢዎችን ሲያሰናብት፣ ለዓመታት ጠዋት ጠዋት ድምፃቸው የተለመደ ሰዎች በአንድ ቀን ጠፉ። ጣቢያ ስርጭቱ በሚደርስበት አካባቢ ስቱዲዮ እንዲኖረው የሚያስገድደውን ደንብም የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2017 ሰርዞት ነበር።

አሁን የብሮድካስተሮቹ ማኅበር በአንድ ከተማ ውስጥ የቀረው የስምንት ጣቢያ ጣሪያም እንዲነሳለት ይጠይቃል። ስፖቲፋይና ዩቲዩብ ገደብ የለባቸውም፣ እኛ ለምን ይኖርብናል ነው ክርክሩ። ፉክክሩ እውነተኛ ነው። ግን በ1996 ጣሪያው ሲነሳ መንገድ ያገኘው የብድር ግዢ ኩባንያዎቹን ለኪሳራ፣ ከተሞቹን ለባዶ ስቱዲዮ ዳርጓል፤ ሁለተኛውን ጣሪያ የሚያነሳ ሰው ባዶዎቹን ስቱዲዮዎች ማን እንደሚሞላቸው ሊናገር ይገባዋል።