63 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ?

«የኢትዮጵያውያን አማካይ አይኪው 63 ነው» የሚል ሠንጠረዥ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ዓመታት አልፈዋል። ሚዛን ተፈሪ ወይም ቴፒ ያለ ተማሪ ሲያነበው ራሱን ከፍርዱ ውጭ አያደርግም።

ቁጥሩ ሪቻርድ ሊንና ታቱ ቫንሃነን እ.ኤ.አ. በ2002 ካሳተሙት መጽሐፍ የመጣ ነው። ሁለቱ አገራችን ውስጥ ማንንም አልፈተኑም። የተመረኮዙት ወደ እስራኤል ከገቡ ብዙም ያልቆዩ ቤተ እስራኤል ታዳጊዎች በሬቨን ፈተና ባገኙት ውጤት ላይ ነው። ከገጠር ወጥተው፣ በመከራ ተጉዘው፣ በማያውቁት ቋንቋ ትምህርት የጀመሩ ልጆች ያመጡት ውጤት የአንድ ሙሉ ሕዝብ መለኪያ ተደረገ! ይህን ሳያጣሩ የሚያሰራጩት ሰዎች በልጆች ላይ እየፈረዱ ነው።

የሬቨን ፈተና ቃላት የሉትም፤ የጎደለውን ቅርጽ ከአማራጮች መርጦ መሙላት ነው። «ከባህል ነፃ ነው» መባሉም በዚህ ምክንያት ነው፤ ቋንቋ አለመጠየቁ በእርግጥ ይጠቅማል። ሆኖም ወረቀት ላይ የተሳሉ ቅርጾችን በረድፍና በዓምድ ማነጻጸር በትምህርት ቤት የሚለመድ ነገር ነው። እስራኤላውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት፣ የአንደኛ ክፍል ኢትዮጵያውያን ስደተኛ ልጆች መጀመሪያ ዝቅ ያለ ውጤት አመጡ፤ የአፈታቱ ስልት ሲገለጽላቸው ግን ከእስራኤል ተወላጆች ጋር የነበራቸው ልዩነት ጠበበ።

የመለኪያው አባት አልፍሬድ ቢኔም ፈተናውን እ.ኤ.አ. በ1905 ያዘጋጀው እርዳታ የሚሹ የፓሪስ ልጆችን ለመለየት ነበር፤ የተወለዱበትን የማይለወጥ ልክ ለማወጅ አልነበረም። ዛሬ አይኪው አንድን ሰው ከእኩዮቹ ጋር የሚያወዳድር ነጥብ ነው፤ አማካዩ 100 ተደርጎ ይቀመጣል። ውርስ ድርሻ አለው። ግን የአንድን ልጅ ውጤት ከፍሎ «ይህን ያህሉ ከወላጆቹ ነው» ማለት አይቻልም።

«ትልቅ ጭንቅላት ያለው ብልህ ነው»፣ «ከአንጎላችን የምንጠቀመው አሥር በመቶውን ብቻ ነው» የሚሉት ሌሎች የብልህነት አባባሎች ደግሞ ብዙ አያነጋግሩም። የመጀመሪያው ለአንድ ሰው ብልህነት ምንም ማስረጃ አይሆንም፤ ሁለተኛው ፍጹም ሐሰት ነው።

«ይህ ልጅ አይገባውም» ከማለት በፊት መጠየቅ ያለበት የቤቱ ጨው አዮዲን ያለው መሆኑ ነው። በእርግዝና ጊዜ አዮዲን ሲያንስ የፅንሱ አንጎል እድገት ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ የጥናቶች ትንተና አዮዲን በጎደላቸውና ባልጎደላቸው ሰዎች መካከል በአማካይ 13.5 የአይኪው ነጥብ ልዩነት አግኝቷል። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉት ሕፃናት 39.9 በመቶው የአዮዲን እጥረት ምልክት የሆነው እንቅርት እንዳለባቸው አሳይቷል። ዝናብ አፈሩን አዘውትሮ በሚያጥብበት ደጋ ይህ ጉድለት ይበረታል። አዮዲን ያለው ጨው ተከድኖ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ ቢቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ቢጨመር አዮዲኑ በቀላሉ አይጠፋም።