ለትርጉም ትምህርት የሚዘጋጁ የመንግሥት ሠራተኞችና የእንግሊዝኛ ፈተና

በምዕራብ አዲስ አበባ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በተለምዶ ዘነበወርቅ እየተባለ በሚጠራው አካባቢ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ዋና ዓላማው የሥጋ ደዌ ሕክምና፣ ተሐድሶና ሥልጠና ነበር። በዚያው ቅጥር ግቢ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ደግሞ ስሙን ያገኘው የበሽታውን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 ከለየው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው።

በእንዲህ ዓይነት ተቋማት በሰዎች ላይ ጥናት ከመካሄዱ በፊት ተሳታፊው ፈቃዱን የሚሰጥበት ቅጽ ይዘጋጃል። ቅጹ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ይረቀቅና ሕመምተኛው ወደሚረዳው ቋንቋ ይተረጎማል። ቀጥሎም የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያላየ ሌላ ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ እንዲተረጉመውና ሁለቱ እንዲነጻጸሩ ማድረግ በጤና ምርምር የተለመደ አሠራር ነው። እዚህ ላይ የአንድ ቃል ምርጫ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ለመረዳት የበሽታውን ስም ብቻ ማየት ይበቃል። ለእንግሊዝኛው ስም በአማርኛ የቆየው አቻ «ቁምጥና» ነው። ሆኖም ይህ ቃል ሕመምተኞችና ቤተሰቦቻቸው ለዘመናት ሲሰደቡበት የኖረ በመሆኑ የሕክምና ባለሙያው የሚጠቀመው «ሥጋ ደዌ» የሚለውን ነው። መዝገበ ቃላት ገልጦ የመጀመሪያውን አቻ የሚያሰፍር ተርጓሚ በቋንቋ ረገድ ስሕተት ሠርቷል ለማለት ያስቸግራል፤ ቅጹን የሚያነበው ሰው ግን ሳይፈርም ተነሥቶ ሊሄድ ይችላል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የትርጉም ሥራ በአመዛኙ የሚሠራው በሙያው በሠለጠነ ሰው እንዳልሆነ አንባቢ ከራሱ ቢሮ ልምድ ያውቀዋል። ሰነድ ሲመጣ «እንግሊዝኛ ይችላል» የተባለ ባለሙያ ይጠራል፤ እስከ ነገ ጠዋት አድርስ ይባላል፤ እሱም ከመደበኛ ሥራው ጎን ሠርቶ ያስረክባል። ይህ ሠራተኛ ሙያውን በድኅረ ምረቃ ደረጃ ለመማር ሲነሣ መጀመሪያ የሚገጥመው የእንግሊዝኛ ፈተና ነው። ፈተናው የሚለካው ግን እሱ በየዕለቱ የሚሠራውን ሥራ አይደለም። ሲተረጉም የኖረ ሰው በእንግሊዝኛ ፈተና የሚወድቅበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይመነጫል።

ለምን ቢባል፣ ተርጓሚ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በልቡ ወደ አማርኛ እየመለሰ የማንበብ ልማድ ያዳብራል። በአማርኛ ግሱ የሚመጣው በመጨረሻ ሲሆን በእንግሊዝኛ ግን ከባለቤቱ ቀጥሎ ስለሚገኝ እንዲህ የሚያነብ ሰው ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ከዚያ ወደኋላ ተመልሶ ያቀናጃል። በቢሮ ጠረጴዛ ላይ ይህ ጥንቃቄ ነው። በፈተና አዳራሽ ግን ጊዜ ይበላል። አይልትስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ፈተና የንባብ ክፍል በ60 ደቂቃ 40 ጥያቄዎችን መመለስ ያስፈልጋል፤ ሦስት ረዣዥም ጽሑፎችንም ማንበብ የሚቻለው በዚሁ ጊዜ ውስጥ ነው። እያንዳንዱን ሐሳብ በሁለት ቋንቋ ለሚያልፍ ሰው ይህ ጊዜ ሊበቃ አይችልም።

ሁለተኛው ምክንያት ለመንግሥት ሠራተኛ ይበልጥ ይቀርባል። የቢሮ አማርኛችን ቃል በቃል ከእንግሊዝኛ በተወሰዱ ስያሜዎች የተሞላ ነው። አቅም ግንባታ፣ መልካም አስተዳደር፣ ባለድርሻ አካላት፣ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ የሚሉት ሁሉ መነሻቸው ከዚያው ነው፤ «አቅም ግንባታ» በ1994 ዓ.ም. የአንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ስም እስከመሆን ደርሶ እንደነበር ይታወሳል። ቃላቱ በአማርኛ ውስጥ ሲኖሩ ግን ትርጉማቸው አብሮ ተጉዟል። «ኪራይ ሰብሳቢነት»ን እንውሰድ። በምጣኔ ሀብት ትምህርት «ሬንት ሲኪንግ» የሚባለው አዲስ ሀብት ሳይፈጥሩ በፈቃድ፣ በኮታ ወይም በሕግ ከለላ አማካይነት ሌላው ከፈጠረው ሀብት ድርሻ ለመውሰድ የሚደረግ ጥረት ነው። ይህ ጥረት ሕጋዊ መንገድ የተከተለ ሊሆንም ይችላል። በእኛ የስብሰባ አዳራሾች ግን ቃሉ ጉቦን፣ ዝምድናን፣ አንዳንዴም ከሥራ ሰዓት ማርፈድን ሳይቀር ሲያካትት ሰምተናል። በፈተናው ላይ የገቢ ዕቃ ቀረጥ እንዲጨመር መንግሥትን ስለሚወተውቱ አምራቾች የሚያትት ጽሑፍ ቢቀርብ ቃሉን በሥራ ቦታ የለመደው ተፈታኝ «ጽሑፉ የሚናገረው ስለ ሙስና ነው» የሚለውን መልስ ይመርጣል። ያሳሳተው ቃሉን ማወቁ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው «እውነት፣ ሐሰት፣ አልተጠቀሰም» የሚለው የጥያቄ ዓይነት ነው። ተፈታኙ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሰጠውና ጽሑፉ ያረጋግጠዋል፣ ይቃረነዋል ወይስ ስለ ጉዳዩ ምንም አይልም ተብሎ ይጠየቃል። በአንድ ዘርፍ ለዓመታት ያገለገለ ባለሙያ ስለ ውኃ አቅርቦት ወይም ስለ መሬት አስተዳደር የሚያነበውን በራሱ ዕውቀት እየሞላ ያነባል፤ ጽሑፉ ያላለውንም እንዳለ ቆጥሮ «እውነት» ብሎ ያልፋል። ይህን ልማድ ማስወገድ ለፈተናው ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ተርጓሚም ቢሆን ጸሐፊው ያልጻፈውን የመጨመር ሥልጣን የለውም።

ታዲያ በምን ይዘጋጁ? በየመሥሪያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ያለ፣ ብዙ ሰው ለዚህ ጉዳይ የማያስበው አንድ መሣሪያ አለ፤ እሱም ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ነው። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚታተም ሲሆን በሁለቱ መካከል ልዩነት ቢፈጠር የአማርኛው የበላይነት አለው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 106ም የአማርኛው ቅጂ የመጨረሻው ሕጋዊ ዕውቅና ያለው ሰነድ መሆኑን ደንግጓል። ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን በዓምድ ስለሚታተሙ አንዱን ዓምድ በወረቀት ሸፍኖ ሌላውን ማንበብ ቀላል ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የአማርኛው ዓምድ ይሸፈናል። የእንግሊዝኛው አንድ አንቀጽ ለብቻው ይነበባል። ከዚያም ማን፣ ምን እንዲያደርግ፣ በምን ሁኔታ እንደታዘዘ ወይም እንደተፈቀደለት በራስ እንግሊዝኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። የአማርኛው የሚገለጠው ከዚህ በኋላ ብቻ ሲሆን ዓላማውም ለመመሳከር ነው። ከሳምንት በኋላ በተቃራኒው አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ማነጻጸር ይቻላል፤ ይህኛው ግን ለትርጉም ትምህርቱ እንጂ ለመግቢያ ፈተናው የሚረዳ ልምምድ አይደለም። የሁለቱን ሰዓት መለየት ያስፈልጋል።

በዚህ ልምምድ ወቅት አንባቢ የሚያገኛቸው ነገሮች አስገራሚ ናቸው። በሕግ አማርኛ «እንደተጠበቀ ሆኖ» የምንለው ሐረግ በእንግሊዝኛው ዓምድ አንዳንዴ «ሰብጀክት ቱ»፣ አንዳንዴ «ዊዝአውት ፕሬጁዲስ ቱ» ሆኖ ይገኛል። የመጀመሪያው የያዝነው ድንጋጌ ለሌላኛው ተገዢ መሆኑን ያሳያል። ሁለተኛው ሌላኛው ድንጋጌ ሳይነካ ባለበት እንደሚጸና ይናገራል። «ኖትዊዝስታንዲንግ» ደግሞ «ቢኖርም» የምንለው ሲሆን ሌላኛውን ወደጎን ይተዋል። በተመሳሳይ «ሜይ» ፈቃድ፣ «ሻል» ግዴታ መሆኑን ማስተዋል የግድ ነው። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ መገኘቱ ምን እንዳስከተለ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ መድገም አያስፈልግም።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ። የነጋሪት ጋዜጣ እንግሊዝኛ የሕግ እንግሊዝኛ ስለሆነ ለድርሰት አርአያ አይሆንም። ለተራ ዝርው ንባብ ዋና ጽሕፈት ቤቱ እዚሁ አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የሚያወጣቸው ሪፖርቶች የተሻሉ ናቸው። ሠንጠረዥና ግራፍ ስላላቸውም ለአይልትስ የመጀመሪያ የጽሑፍ ጥያቄ ይጠቅማሉ። በዚህ ጥያቄ ተፈታኙ የተሰጠውን ግራፍ ቢያንስ በ150 ቃላት እንዲገልጽ ይታዘዛል። የሩብ ዓመት የዕቅድ አፈጻጸም ሲያዘጋጅ ለኖረ ሠራተኛ ይህ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን «አበረታች ውጤት ተመዝግቧል» የሚለው አጻጻፍ እዚያ ነጥብ አያስገኝም። የሚፈለገው የቱ ጨመረ፣ የቱ ቀነሰ፣ በምን ያህል የሚለው ነው።

ሁለተኛው የጽሑፍ ጥያቄ ቢያንስ 250 ቃላት የሚጠይቅ ድርሰት ሲሆን ክብደቱ የመጀመሪያው እጥፍ ነው። የእኛ ኦፊሴላዊ ደብዳቤ «ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው» ብሎ ይጀምራል፤ የጉዳዩን አመጣጥ ይተርካል፤ የሚጠይቀውን «ስለሆነም» ብሎ በመጨረሻው አንቀጽ ያስቀምጣል። ይህ በባህላችን ጨዋነት ነው። እንግሊዛዊው ፈታኝ ግን አቋሙን በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይፈልገዋል፤ ካላገኘው ጸሐፊው አቋም የለውም ብሎ ሊያስብ ይችላል። የንግግር ክፍሉም ተመሳሳይ ችግር አለው። ፈተናው ከ11 እስከ 14 ደቂቃ የሚወስድ ቃለ ምልልስ ነው። በታላቅ ፊት አጭር መልስ መስጠትን እንደ ትሕትና የተማረ ሰው በሁለት ቃል መልሶ ዝም ይላል። ፈታኙ ሊመዝነው የሚችለው ግን የተነገረውን ብቻ ነው። ስለዚህ ከአንድ የሥራ ባልደረባ ጋር፣ ሰዓት ይዞ፣ ስለ አንድ ርዕሰ ጉዳይ ለሁለት ደቂቃ ሳያቋርጡ መናገርን መለማመድ ይገባል። መጀመሪያ ላይ ሁለት ደቂቃ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል።

ማዳመጥን በተመለከተ የድምፅ ቅጂው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰማ በመሆኑ ዕለታዊ ልምምድ እንጂ ጥናት አያዋጣም። ከአየር ጤና፣ ከቤቴል ወይም ከዓለም ባንክ ተነሥቶ ወደ መሀል ከተማ የሚመላለስ ሠራተኛ በታክሲ ወረፋና በመንገድ የሚያጠፋው ጊዜ ለዚህ ይበቃዋል። ከጦር ኃይሎች የሚነሣውን ቀላል ባቡር የሚጠቀምም እንዲሁ።

በሀገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች በቋንቋና በሥነ ልሳን ዘርፍ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የሚፈልግ አመልካች ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በትምህርት ሚኒስቴር የሚዘጋጀው ሀገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ይመለከተዋል። ይህ ፈተና እንደ አይልትስ የቋንቋ ችሎታን ለይቶ የሚመዝን አይደለም፤ ነገር ግን ጥያቄዎቹ በእንግሊዝኛ የሚቀርቡ በመሆኑ የአመክንዮውም የቁጥሩም ጥያቄ የንባብ ፍጥነትን ይጠይቃል። ከላይ የተገለጸው ንባብ ለዚህም ያገለግላል። ወደ ውጭ የሚያስብ ደግሞ ሩቅ መሄድ ላይኖርበት ይችላል፤ የናይሮቢና የጋና ዩኒቨርሲቲዎች በትርጉምና በአስተርጓሚነት የማስተርስ ትምህርት ከሚሰጡ የአፍሪካ ተቋማት መካከል ናቸው።

እዚህ ላይ መነሣት ያለበት ሌላ ነጥብ አለ። ከእነዚህ ፈተናዎች አንዱም የአማርኛን ችሎታ አይመዝንም። በሙያው ግን ተርጓሚ በዋናነት የሚተረጉመው ወደሚያውቀው የመጀመሪያ ቋንቋው ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተርጓሚዎችም የሚሠሩት በዚሁ መርሕ ነው። አማርኛ ከድርጅቱ ስድስት ኦፊሴላዊ ቋንቋዎችም ሆነ ከአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋዎች አንዱ ባለመሆኑ ኢትዮጵያዊ የአማርኛ ተርጓሚ በብዛት የሚፈለገው እዚሁ ነው። አንዱ ቦታ ፍርድ ቤት ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ የማይረዳ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንደሚቆምለት ይደነግጋል። ሆስፒታልና ሕግ አርቃቂ መሥሪያ ቤትም ያው ናቸው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛ ሲመለስ ሥራውን የተሸከሙት የአማርኛ ቃላትን መፍጠር የቻሉ ሰዎች ናቸው፤ ዳኞቻችን ዛሬም የሚፈርዱት በእነሱ ቃላት ነው። ስለዚህ ለስድስት ወራት እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነብ ተዘጋጅ አማርኛውን ከነጭራሹ ባይተወው መልካም ነው።

በመጨረሻ ስለ ጊዜ አጠቃቀም። የአይልትስ ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው። በመሥሪያ ቤት የትምህርት ፈቃድ፣ የድጋፍ ደብዳቤና የውል ጉዳይ ወራትን ሊወስድ እንደሚችል እያወቁ አስቀድሞ መፈተን ውጤቱ ጊዜው እንዲያልፍ ያደርጋል። በመሆኑም ሠራተኛው ከቅርብ ኃላፊው ጋር ተነጋግሮ የፈቃዱ ሂደት በምን ያህል ጊዜ እንደሚያልቅ ካወቀ በኋላ ለፈተናው ቢመዘገብ የተሻለ ነው። ኃላፊውም በበኩሉ ሰነድ በመጣ ቁጥር «እስከ ነገ ጠዋት አድርስ» የሚለው ይህንኑ ሠራተኛ ስለሆነ፣ ፈተናው ሲቃረብ ምሽቶቹን ቢተውለት ወጪ የማይጠይቅ ድጋፍ ነው።