«ነው» ማለት «ኢዝ» ነው? ስለ እንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ተረትና እውነታ

ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ የተማረ ሰው ስለ ፖለቲካ ረጅም ጽሑፍ አንብቦ ይረዳል፤ «እህቴ ሐኪም ናት» ወይም «በረደኝ» ለማለት ሲሞክር ግን ይደናቀፋል። ቃላት አጥሮት አይደለም። ከትምህርት ቤት ይዘናቸው የወጣን ግማሽ እውነቶች አሉ፤ የሚያደናቅፉትም እነሱ ናቸው። ስህተቶቹን ደግሞ ልብ ብሎ ላያቸው፣ አብዛኞቹ በጥሩ አማርኛ የታሰቡ ናቸው። ምሳሌዎቻችንን ከአራዳና ከፒያሳ እየወሰድን አንድ በአንድ እንያቸው።

ተረት 1፦ «ነው» ማለት «ኢዝ» ማለት ነው።

እውነታ፦ «ሐኪም ነኝ» ሲባል ተናጋሪው ማን እንደሆነ «ነኝ» ራሱ ይናገራል፤ «እኔ» የሚጨመረው ለማጉላት ወይም ለማነጻጸር ነው። አማርኛ ነኝ፣ ነህ፣ ነሽ፣ ነዎት፣ ነው፣ ናት፣ ነን፣ ናችሁ፣ ናቸው እያለ ባለቤቱን በግሱ ውስጥ ይከተዋል። እንግሊዝኛ ለአሁን ጊዜ ያሉት ሦስት ብቻ ናቸው፦ አም፣ ኢዝ፣ አር። ባለቤቱም ከውጭ፣ ከፊት መቆም አለበት። «አም» ከ«አይ» በቀር ሌላ ባለቤት ባይኖረውም እንኳ «አይ» አይቀርም። ስለዚህ ስለ እህቱ ተጠይቆ «ኢዝ ኤ ዶክተር» ብሎ የሚመልስ ልጅ በአማርኛ ትክክል አስቧል፤ በእንግሊዝኛ ግን ዓረፍተ ነገሩ ራስ የለውም። «ሺ ኢዝ ኤ ዶክተር» ማለት ነበረበት።

ተረት 2፦ ባለቤት በሌለበት ተውላጠ ስም አያስፈልግም።

እውነታ፦ በሐምሌ ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ የሚወርድ ሰው «ብርድ ነው»፣ «ረፍዷል»፣ «አምስት ሰዓት ነው» ይላል። የረፈደው ማን ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም። እንግሊዝኛ ግን የባለቤትን ቦታ ባዶ መተው አይወድም፤ ምንም ነገር የማያመለክት «ኢት» ያስቀምጥበታል፦ «ኢት ኢዝ ኮልድ»፣ «ኢት ኢዝ ሌት»፣ «ኢት ኢዝ ኢለቨን ኦክሎክ»። የእኛ የጠዋት አምስት ሰዓት የእነሱ አሥራ አንድ መሆኑ ሳይረሳ ነው። ይኸው ቃል፣ አንድን ነገር ሲያመለክት ደግሞ፣ ለከተማና ለሰፈርም ያገለግላል። እኛ «ፒያሳ ደማቅ ናት» ብለን በሴት አንቀጽ ስለምንጠራት ብዙዎች «ሺ» ይሏታል፤ የተለመደው እንግሊዝኛ ግን «ኢት» ነው።

ተረት 3፦ እንግሊዝኛ አክብሮት አያውቅም፤ አባትንም ልጅንም «ዩ» ይላል።

እውነታ፦ ከእንግሊዝኛ የጠፋው «አንተ» እንጂ «እርስዎ» አይደለም። ለአንድ ሰው የሚባለው «ዛው» ነበር፤ የ«ዩ» ቤተሰብ ግን የብዙ ቁጥር ነበር። ኋላ ትልቅ ሰውን ለማክበር የብዙ ቁጥሩ ለአንድ ሰውም ይነገር ጀመር፤ አክብሮቱ እየተስፋፋም በ17ኛው ክፍለ ዘመን «ዛው» ከዕለት ተዕለት ንግግር እየወጣ ሄደ። አንድ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ «ዩ ኢዝ» ሳይሆን «ዩ አር» የምንለው ግሱ ያንን የብዙ ቁጥር ይዞ ስለቀረ ነው። የአማርኛም መንገድ ከዚህ አይርቅም፤ «አባባ መምህር ናቸው» ስንል ለብዙዎች የምንለውን «ናቸው» ለአንድ ሰው መስጠታችን ነው። ችግሩ ይህን ወደ እንግሊዝኛ ስንወስደው ይመጣል። በዛሬው እንግሊዝኛ በሌሉበት የሚነሱ አንድ አባት «ሂ»፣ አንዲት እናት «ሺ» ናቸው፤ «ዘይ አር» ካልን ሰሚው ብዙ ሰዎች ይመስሉታል። አክብሮቱን «ሰር»፣ «ማዳም» እና «ኩድ ዩ» የመሳሰሉት ይሸከሙታል።

ተረት 4፦ «ራበኝ»ን ቃል በቃል መተርጎም ይበቃል።

እውነታ፦ በ«ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «በረደኝ» ውስጥ ሰውየው ተሳቢ ነው፤ ረሃቡ በእሱ ላይ ይደርስበታል። እንግሊዝኛ ሰውየውን ባለቤት አድርጎ ከፊት ያቆመውና በአያያዥ ግስ ከቅጽል ጋር ያገናኘዋል፦ «አይ አም ሀንግሪ»፣ «አይ አም ኮልድ»። ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም፤ ከሺህ ዓመት በፊት የነበረው እንግሊዝኛ ረሃብን እንደ እኛ ሰውን ተሳቢ በሚያደርግ ግስ ይናገር ነበር። በዕድሜም አማርኛና የዛሬው እንግሊዝኛ እንዲሁ ይለያያሉ። እኛ «ሃያ ዓመቴ ነው» እንላለን፤ እንግሊዝኛ «አይ አም ትዌንቲ» ይላል። ፈረንሳይኛ ደግሞ ለረሃብም ለዕድሜም «አለኝ» የሚለውን ግስ ይጠቀማል። ሁለቱም መንገዶች ወደ እኛ ትምህርት ቤቶች ገብተዋል። ዛሬ በአራዳ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት እንግሊዝኛ ከሚሰጡት ቋንቋዎች አንዱ ነበር፤ በከተማው ሚዛን የሚደፋው የውጭ ቋንቋ ግን ፈረንሳይኛ ነበር። እንግሊዝኛ የትምህርት ቋንቋ ሆኖ የተደላደለው ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ ነው። የያኔዎቹ ተማሪዎች ረሃባቸውን «አለኝ» እያሉ ሲማሩ፣ የኋለኞቹ «ነኝ» እያሉ ተማሩት። ቋንቋ ሁሉ የራሱ አሠራር አለው፤ ትክክለኛው «ራበኝ» የቱ ነው ማለት አይቻልም።

ተረት 5፦ ግስ ሁሉ ድርጊት ይናገራል።

እውነታ፦ ፒያሳ ቶሞካ ቡና ቤት ቆሞ ቡናውን የቀመሰ ሰው «ይጣፍጣል» ይላል፤ ቅጽል አላስፈለገውም። «ያምራል»፣ «ይርቃል»፣ «ይከብዳል»ም እንዲሁ ጠባይን በግስ ብቻ ይጨርሳሉ። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ አያያዥ ግስና ቅጽል ይሻል፦ «ኢት ቴስትስ ጉድ»፣ «ኢት ኢዝ ፋር»፣ «ኢት ኢዝ ኸቪ»። «ቴስት»፣ «ስሜል»፣ «ሉክ»፣ «ፊል» በዚህ አገባብ የ«ኢዝ» ወገን ስለሆኑ የሚከተላቸው «ጉድ» ነው፤ «ዌል» አይደለም። «አይ ካለ አም ይከተላል» የሚለውም ከዚህ ተረት ጋር ይሄዳል። «አም» ከስም፣ ከቅጽል ወይም ከቦታ ጋር ያገናኛል፤ ደረቅ ግስ ግን አያስከትልም። «እስማማለሁ» ለማለት «አይ አግሪ» ይበቃል፤ «አይ አም አግሪ» ስህተት ነው።

ተረት 6፦ «ኤ» ማለት «አንድ» ነው፤ ቢቀርም ጉዳት የለውም።

እውነታ፦ «ኤ» የተወለደው በእርግጥ ከ«አንድ» ነው፤ ዛሬ ግን ሥራው መቁጠር አይደለም። አንድ ነገር ከ«ኢዝ» ቀጥሎ በሚመጣ የሚቆጠር ነጠላ ስም ሲገለጽ፣ «ኤ» «ከዚህ ዓይነት አንዱ» ይለዋል፦ «ኢት ኢዝ ኤ ሆቴል»። ብዙ ሲሆኑ «ኤ» ይወድቃል፦ «ዘይ አር ሆቴልስ»። የታወቀ ነገር ሲሆን «ዘ» ይመጣል፤ ቦታውም ሁልጊዜ ከሐረጉ ፊት ነው። አማርኛ ምልክቱን ወደ ቅጽሉ ያዛውረዋል፤ «ትልቁ ሆቴል» እንላለን። ትልቁ ልዩነት ግን ገለጻው ሲረዝም ነው። በአማርኛ ገለጻው ሁሉ ከስሙ በፊት ያልቃል፦ «እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት ሆቴል»። እንግሊዝኛ አጫጭር ቅጽሎችን ከፊት ያደርግና ረጅሙን ከስሙ በኋላ ያስከትላል፦ «ዘ ሆቴል ዛት ኤምፕረስ ጣይቱ ቢልት»። ስሙን ለመጨረሻ የሚያቆይ ተማሪ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ ሲሄድ ሦስት ጥያቄ ይበቃዋል፦ ባለቤቱ ማን ነው፣ ማያያዣው የቱ ነው፣ ስለ ባለቤቱ የሚነገረው ምንድን ነው? የመጀመሪያው መልስ በአማርኛው ግስ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል፤ ምንም ከሌለም «ኢት» ይተካዋል። ስለዚህ «ኢዝ»ን ከማስተማሩ በፊት «ነኝ» ምን ምን እንደሚይዝ በሰሌዳው ላይ ፈትቶ የሚያሳይ መምህር፣ ተማሪው የሚሳሳትበትን ግማሹን አስቀድሞ አቃለለለት።