ጨረቃን ጠብቀው የሚሰበሰቡ ዓሦች

ግሩፐር በሞቃት ባሕሮች፣ በኮራል ቋጥኞች መካከል የሚኖር አዳኝ ዓሣ ነው። አፉ ሰፊ፣ ሰውነቱ ደንዳና ሲሆን በስንጥቅና በዋሻ ውስጥ አድፍጦ የቀረበውን ዓሣ ወይም ሸርጣን ከውኃው ጋር ስቦ ይውጣል። በዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ገበያ «ሃሙር» እየተባለ የሚሸጠው ዓሣም የዚሁ ወገን ነው።

በካሪቢያን ባሕር የሚገኘው ናሶ ግሩፐር አብዛኛውን ዕድሜውን ብቻውን ያሳልፋል። ጽንሱ የሚፈጠረው ከአካል ውጭ፣ በውኃ ውስጥ በመሆኑ ግን ተነጥሎ ሊራባ አይችልም። ስለዚህ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንባቸው ቀናት አካባቢ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ዓሦች በቋጥኙ ጠርዝ ላይ ወደሚገኝ አንድ የታወቀ ቦታ ይጎርፋሉ። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዙም አሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሴቶቹ እንቁላላቸውን፣ ወንዶቹ ዘራቸውን በአንድነት ይለቃሉ።

ዝርያውን የሚያቆየው ይህ ጠባይ ለጥፋትም ያጋልጠዋል። ቦታውንና ቀኑን ያወቀ አጥማጅ ከሰፊ ባሕር የተሰበሰበውን ዓሣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊጨርሰው ይችላል። ከዚህም በላይ አደገኛ የሚሆነው፣ የቀሩት ዓሦች ምንጊዜም በዚያው ስፍራ ስለሚሰበሰቡ፣ ባሕሩ እየተራቆተ ሳለ መረቡ ሙሉ መስሎ መታየቱ ነው። ናሶ ግሩፐር ለመራባት የሚደርሰው ቢያንስ በአራት ዓመቱ በመሆኑም የጠፋው ቶሎ አይተካም።

በካይማን ደሴቶች የሆነው ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አጥማጆች በትንሿ ካይማን ደሴት ምዕራባዊ ጫፍ 7000 ያህል ዓሦች የሚሰበሰቡበትን ስፍራ አገኙ። በሁለት የመራቢያ ወቅቶች ብቻ 4000 ያህሉ ተጠመዱ። መንግሥት በ2003 በመራቢያ ስፍራዎች ማጥመድን ከለከለ፤ በ2016 ደግሞ በመራቢያው ወቅት በደሴቶቹ ዙሪያ ሁሉ ናሶ ግሩፐር እንዳይጠመድ ደነገገ። ለብዙ ዓመታት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ሆኖም በ2020 የታተመ ጥናት በሁለት ደሴቶች የዓሦቹ ቁጥር ከሦስት እጥፍ በላይ ማደጉን አሳየ።

ናሶ ግሩፐር ዛሬም በእጅጉ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች መካከል ይመደባል። የካይማን ልምድ የሚያስገነዝበን ግን፣ ጥበቃው በትክክለኛው ቦታና ጊዜ ላይ ካነጣጠረና በትዕግሥት ከቀጠለ፣ የተመናመነ ዝርያ እንደገና ሊያንሠራራ እንደሚችል ነው።